ከንፈር ያልመጠጠው ወዳጅ

ዘመድ ለመጠየቅ ኒውዮርክ የምትሄዱ ከሆነ አንዱን ቀን ለሬዲንግ አስቀሩት። ልጆቹ ታይምስ ስኩዌርን አይተው ሲጠግቡ ከግራንድ ሴንትራል ባቡር ያዙና ወደ ኮኔቲከት ውጡ። ዌስት ሬዲንግ ያለችው፣ ሬዲንግ የምትባለው ጣቢያ ትንሽ ናት፤ ታክሲ ተሰልፎ ይጠብቀናል ብላችሁ ግን አትውረዱ። መኪና ያለው ዘመድ ካላችሁ ይዛችሁት ሂዱ።

ደራሲው ማርክ ትዌይን በ1908 እ.ኤ.አ. እዚህ ኮረብታ ላይ ቤት ሠርቶ ገባ። ስሙንም ስቶርምፊልድ አለው። በተከታዩ ጥር፣ በረዶው ምድሩን እንደሸፈነ፣ ሄለን ኬለር ከመምህሯ ከአን ሱሊቫን ጋር በእንግድነት መጣች። ሄለን ማየትም መስማትም የማትችል ደራሲ ናት። ጣቶቿን ከሰው ከንፈር ላይ አሳርፋ ንግግሩን ትከታተላለች።

ሽማግሌው ራሱ እስከ መኝታ ክፍሏ አደረሳትና ሲጋሩና ዊስኪው የት እንዳለ ነገራት፤ ልክ ለወንድ እንግዶቹ እንደሚያደርገው። ቢሊያርድ ላስተምርሽ ሲላት፣ ይህ እኮ ዓይን ይፈልጋል አለችው። የእኔ ጓደኞች እንደሚጫወቱት ከሆነ አይፈልግም፣ ማየት የተሳነው ሰው ከእነሱ የባሰ ሊጫወት አይችልም ሲል መለሰላት።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ማየት የተሳነው እንግዳ ቤታችን ቢመጣ ስንቶቻችን እንዲህ እንቀልዳለን? ድምፃችንን ዝቅ አድርገን «እኔን!» እንላለን፤ ከንፈር እንመጣለን። ማታ እሳት ዳር ትዌይን «የሔዋን ማስታወሻ» የተባለውን ድርሰቱን ጮክ ብሎ ሲያነብላት፣ እሷ በጣቶቿ ከከንፈሩ ላይ ሰማችው።

የተዋወቁት በ1895 ኒውዮርክ ውስጥ ነው፤ እሷ የ14 ዓመት ልጅ፣ እሱ ስመ ጥር ደራሲ። ወዳጅነቱ በጨዋታ ብቻ አልቀረም። የኮሌጅ ወጪዋን የሚሸፍን ሰው ሲታጣ፣ ለባለጸጋ ወዳጁ ለሄንሪ ሮጀርስ ባለቤት ደብዳቤ ጽፎ አማለደ፤ ሄለን በ1904 ከራድክሊፍ ተመረቀች። ከዚያ ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ሌላ ደብዳቤው ነው። በ11 ዓመቷ የጻፈችው ተረት ሳታውቀው ከሌላ ሰው ተረት ጋር ተመሳሰለና፣ መምህሯን ከክፍሉ አስወጥተው ትልልቅ ሰዎች ብቻዋን መረመሯት። ነገሩ እስከ ጉልምስናዋ አልለቀቃትም። ትዌይን ታሪኩን ሲያነብ ተቆጣ፤ ደራሲ ሁሉ ሳያውቀው ከሌላው እንደሚወስድ፣ እሱም ራሱ እንዳደረገው ጻፈላት። ይህን ሊነግራት የሚችለው የሙያ ባልደረባዋ ብቻ ነበር።

ሬዲንግ ስትደርሱ ትዌይን ያቋቋመው ቤተ መጻሕፍት ዛሬም ይሠራል፤ ልጆቹን ይዛችሁ ግቡ። ለሕንፃው ማሠሪያ የዋለው፣ የሚጥል በሽታ የነበረባትና በ1909 መጨረሻ እዚያው ቤት ያረፈችው የልጁ የጂን እርሻ ተሸጦ የተገኘ ገንዘብ ነው። ኮረብታው ላይ አሁን ያለው ቤት ኋላ የተሠራ የግለሰብ መኖሪያ ስለሆነ ከመንገድ ሆናችሁ እዩት። ከዚያ ወደ አጎራባቿ ኢስተን ንዱ። ሄለን የመጨረሻ ዓመታቷን የኖረችውና በ1968 ያረፈችው እዚያ ነው።

ስቶርምፊልድ በ1923 ተቃጠለ። ሄለን ከዚያ በኋላ ወደ ኮረብታው ተመልሳ ነበር። ወዳጇ እጇን ይዞ ካዞራት ቤት፣ እጇን ዘርግታ ያገኘችው የጠቆረ የጭስ ማውጫ ነው።