የዲፌንስ ሰሞን በሶዶ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሶዶ የዲፌንስ፣ ማለትም ተመራቂዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በፈታኞች ፊት የሚያቀርቡበት፣ ሰሞን ላይ ናት። በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ያሉት የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤቶች በተመራቂ ተማሪ ከአፍ እስከ ገደፋቸው ሞልተዋል። ሁሉም ፍላሽ ይዟል፣ ሁሉም ስላይዱን ያሳምራል።

ዛሬ ከእነዚሁ ቤቶች በአንዱ አንዲት ተማሪ ፋይሏን ስትከፍት አማርኛው ጠፍቶ የማይነበብ የላቲን ፊደል ተደርድሮ ጠበቃት። «ጋሼ፣ ቫይረስ በልቶት ይሆን?» አለችኝ፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቫይረስ አልነበረም። ጽሑፉ የተተየበው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች ነው። እነዚያ ፎንቶች የላቲን ፊደላትን ኮድ ወስደው የግዕዝ ልብስ ያለብሱታል፤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ልብሱ ይወልቅና ላቲኑ ይቀራል። የግዕዝ ፊደል የራሱን ኮድ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላም ሆነ በነጻ የሚገኘው አቢሲኒካ በዚህ ኮድ የሚሠሩ ናቸው።

ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ፈልገን ፋይሏን ወደ ፒዲኤፍ ቀየርነው፤ ለሰኞው ዲፌንሷ ይህ ይበቃታል። ለወደፊቱ ግን ሁለት ነገር ጻፍኩላት። አንደኛ፣ አማርኛ ሁልጊዜ በዩኒኮድ ይተየብ። ሁለተኛ፣ ፓወርፖይንት ውስጥ «ፋይል»፣ ቀጥሎ «ኦፕሽንስ»፣ ቀጥሎ «ሴቭ» ገብቶ ፎንቱ ከፋይሉ ጋር አብሮ እንዲቀመጥ የሚያደርገውን ሳጥን ምልክት ማድረግ። የአራት ዓመት ልፋት በፎንት ምክንያት በፈታኞች ፊት መዋረድ የለበትም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከከተማ ወጣ ባለች አንዲት ወረዳ የጤና ሠራተኞች ሥልጠና ላይ ተገኝቼ ነበር። ገና ሻይ ሳይጠጣ መብራት ሄደ። ኤልሲዲው ጠፋ፤ አዳራሹ አጉረመረመ። አሠልጣኟ ግን ፊቷ እንኳን አልተለወጠም። ስድስት ስድስት ስላይድ በአንድ ገጽ የታተመበትን ወረቀት አደለች፤ ዋናውን ሥዕል በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሣለችና ካቆመችበት ቀጠለች። እኔ ካየኋቸው ሥልጠናዎች ሁሉ ሰው ብዙ ጥያቄ የጠየቀበት ይህ ነው።

በዕረፍት ሰዓት ቦርሳዋን ከፍታ አሳየችኝ፦ የቪጂኤና የኤችዲኤምአይ ኬብል፣ አንዱን ወደ ሌላው የሚቀይር ማገናኛ፣ ረዥም ገመድ ያለው ዲቫይደር፣ የስላይዱ ፒዲኤፍ በስልኳ ላይ። ፋይሉን ለራሷ በቴሌግራም ትልከዋለች፤ ፍላሽ በየቢሮው ሲዞር ፋይሎችን ደብቆ በቦታቸው ሾርትካት የሚተውን ቫይረስ ይዞ ሊመለስ ይችላልና።

ስታቀርብ አይጥ አትነካም። ኤፍ 5 ከመጀመሪያው ያስጀምራል፤ ሺፍትን ይዘው ኤፍ 5ን ሲጫኑ ደግሞ ካሉበት ስላይድ። ቁጥር ጽፎ ኢንተር መጫን ወደዚያ ቁጥር ስላይድ ይወስዳል፤ ጥያቄ ሲነሣ ወደ ኋላ አንድ በአንድ መሮጥ የለም። የዊንዶውስ ቁልፍና ፒ አንድ ላይ ሲጫኑ ምስሉ በላፕቶፑና በኤልሲዲው ላይ እንዴት እንደሚታይ ያስመርጣሉ። ከሁሉ የወደድኩት ቢ የሚለውን ፊደል ነው፤ አንዴ ሲጫኑት መጋረጃው ይጨልማል፣ የአዳራሹም ዓይን ወደ ተናጋሪው ይዞራል።

እሑድ፣ ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወላይታ ውስጥ ስላይድ በየሳምንቱ የሚታየው በቢሮ ብቻ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያንም ነው። ዛሬም የመዝሙሩን ግጥም በመጋረጃ ላይ የሚያሳልፉት ሁለት ወጣቶች ነበሩ። አማርኛው በግዕዝ ፊደል፣ ወላይትኛው በላቲን ይጻፋል፤ ሁለቱም በአንድ ፋይል ውስጥ ናቸው።

ከአምልኮው በኋላ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። የሚቸግራቸው ወላይትኛው ነው። በወላይትኛ አጻጻፍ የሚረዝም አናባቢና የሚጠብቅ ተነባቢ ፊደላቸው ይደገማል። ፓወርፖይንቱ ግን እንግሊዝኛ መስሎት በየቃሉ ሥር ቀይ ያሰምራል፣ አንዳንዴም «ላርምላችሁ» ብሎ ቃሉን ይለውጣል። ጽሑፉን መርጠው የፊደል አራሚው እንዳያየው የሚያደርገውን ትእዛዝ ሰጡት፤ በራሱ የሚያርመውንም ዘጉት። አሁን የአያቶቻቸው ቋንቋ እንደ ስህተት አይሰመርበትም።

ግጥሙን የሚከፍሉበትን መንገድ አደነቅሁ። መስመሩ የሚቆረጠው ምእመኑ ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ ነው። አዝማቹም በተመለሰ ቁጥር እንደገና ይጻፋል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ መፈለግ የለም። የጠዋት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ነጭ መደብ ላይ ጥቁር ፊደል፣ ለማታው ጉባኤ ጨለማ መደብ ላይ ነጭ ፊደል ያደርጋሉ። ይህን ማንም አላስተማራቸውም፤ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡትን እናቶች እየጠየቁ ነው የተማሩት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጥቂት ሰዎች ተጠራርተን በተዋስነው የመማሪያ ክፍል ተሰበሰብን፤ መምህራን፣ አንድ የግብርና ባለሙያ፣ አሠልጣኟ፣ ሁለቱ የመዝሙር ልጆች፣ ያቺ ተማሪ። ደንባችን ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ አንድ ስላይድ ያመጣል፣ ሌላው ከኋላ ወንበር ሆኖ ያየውን ይናገራል።

የግብርና ባለሙያው ያመጣው ስለ ሁምቦ ደን ነበር። ታሪኩ የወላይታ ኩራት ነው። ተራቁቶ የነበረው ተራራ ከከብትና ከምሳር ተከልሎ፣ ከመሬት በታች በሕይወት የቆዩት ጉቶዎች እንዲያቆጠቁጡ ተደርጎ፣ 2,728 ሄክታር መሬት እንደገና ደን ለበሰ። ሥራው በወርልድ ቪዥን ድጋፍ በሰባት የገበሬዎች ማኅበራት የተሠራ ሲሆን፣ በ2009 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት አሠራር ተመዝግቦ ለካርቦን ሽያጭ በቃ።

ይህ ሁሉ ግን በደቃቅ ፊደል በአንድ ስላይድ ላይ ታጭቆ ነበር። «አባባ፣ እኔ ምንም አላነበብኩም» አለች ተማሪዋ በትሕትና። ባለሙያው አልተቀየመም። ጽሑፉን በሙሉ ወደ ማስታወሻው ክፍል አወረድነው፤ ያ ክፍል ለተናጋሪው ብቻ በላፕቶፑ ላይ ይታያል። በመጋረጃው ላይ የቀሩት ከአንድ ቦታ የተነሡ ሁለት ፎቶዎች ናቸው፤ አንዱ የቀድሞው ራቁት ተራራ፣ ሌላው የዛሬው ደን። ርዕሱ «የሁምቦ ፕሮጀክት አጠቃላይ ገጽታ» የሚል ነበር። ሙሉ ዓረፍተ ነገር አደረግነው፦ «ጉቶው አልሞተም ነበር፤ ደኑ ተመለሰ»። ክፍሉ ለአፍታ ዝም አለ፤ ከዚያ ሁሉም ስለ ተራራው ማውራት ጀመረ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሚቀጥለው ስብሰባ የሚሆን ንባብ ሳዘጋጅ አመሸሁ። ፓወርፖይንትን የወጠነው ሮበርት ጋስኪንስ ነው፤ ከዴኒስ ኦስቲን ጋር ፎርሶውት በሚባል ትንሽ ኩባንያ ሠርተው በ1987 እ.ኤ.አ. ለማኪንቶሽ አወጡት። ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት ኩባንያውን በ14 ሚሊዮን ዶላር ገዛ።

ልቤን የነካው ግን የኮሎምቢያ መንኮራኩር ነገር ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ሰባት ጠፈርተኞች ወደ ምድር ሲመለሱ አለቁ። መንኮራኩሯ ስትነሣ ክንፏን የመታ የአረፋ ስባሪ ነበር፤ ባለሙያዎች አደጋውን ለአለቆቻቸው ያስረዱት በስላይድ ነው። ዋናው ማስጠንቀቂያ ከታች በትናንሽ ፊደል ተቀብሮ፣ ከላይ ያለው ርዕስ የሚያረጋጋ ነበር። አደጋውን የመረመረው ቦርድ በቴክኒክ ሪፖርት ፋንታ በስላይድ የመጠቀምን ልማድ በግልጽ ነቅፏል።

ይህ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናት። የወባ፣ የማዳበሪያ፣ የትምህርት ሪፖርት በየሳምንቱ በስላይድ ይቀርባል፣ ውሳኔ ይሰጥበታል። የሚያስፈራው ቁጥር ከስላይዱ ግርጌ ከተደበቀ የሚጎዳው ሰው በአዳራሹ ውስጥ የለም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ የተጀመረውን ፔቻ ኩቻ የሚባል የአቀራረብ ሥርዓት ሞከርን፦ 20 ስላይድ፣ እያንዳንዱ 20 ሰከንድ፣ ሁሉም በ6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ያልቃል። ስላይዱ ራሱ ስለሚያልፍ ማንበብ አይቻልም፤ መናገር ግድ ነው። አንድ መምህር ስለ እንሰት ያቀረቡት ሁላችንንም አስጨበጨበን። ፓወርፖይንት መግዛት ላልቻሉት ሊብረኦፊስ ኢምፕረስን በነጻ ጫንንላቸው። ተማሪዋም ዲፌንሷን አልፋለች።

እኔ የደረስኩበት ፍርድ ይህ ነው፤ ስላይድ የሰሚው ነው። የሚነበበው በወረቀት ይሰጥ፣ የሚታየው በመጋረጃ ይታይ፣ የሚነገረውን ሰው ይናገረው። ይህን ደግሞ ብቻውን የሚማረው የለም፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ «አላየሁም» የሚል ወዳጅ ያስፈልጋል። በአረካ፣ በቦዲቲ፣ በገሱባ ያላችሁ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የቢሮ ሠራተኞች፦ አንድ ክፍልና አንድ ኤልሲዲ ካላችሁ ይበቃል። በወር አንድ ቅዳሜ ተሰብሰቡ፣ አንዳንድ ስላይድ ይዛችሁ ኑ፣ እርስ በርስ ተራረሙ።