ራም የተጨመረ ዕለት

አቤት ያ ዘመን! በ1995 እና በ96 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቤት ኮምፒውተር ሲገባ ጎረቤት «እንኳን ደስ አላችሁ» ሊል ይመጣ ነበር። ቡና ይፈላል፣ የሰፈር ልጅ በር ላይ ይኮለኮላል፣ ካርቶኑ ሲከፈት ሁሉም አንገቱን ያሰግጋል። የሚወጣው ዕቃ ደግሞ አያልቅም! ነጣ ያለው ቁመታም ኬዝ፣ አንድ ሰው ብቻውን ለማንሳት የማይደፍረው ባለ ትልቅ ጀርባ ሞኒተር፣ ሆዱ ውስጥ ኳስ የሚሽከረከርበት ማውዝ፣ ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች፣ ከዚያ የኬብሉ ብዛት! ወዲያው ሞኒተሩ ዳንቴል ይለብሳል፤ ኪቦርዱ በላስቲክ ይሸፈናል፤ ከሥር ስታቢላይዘር ይቀመጣል። ትምህርት ቤትም የኮምፒውተር ክፍል የምንገባው ጫማችንን በር ላይ አውልቀን በካልሲ ነበር። አቧራ እንዳይገባበት! ያንን ክፍል ባስታወስኩ ቁጥር ደስታው እንደ አዲስ ይመጣብኛል።

እኛ ቤት የገባው ፔንቲየም 4 ነበር። 1.8 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰር፣ 128 ሜጋባይት ራም፣ 40 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ። ቁጥሮቹን በቃላችን ነበር የምናውቃቸው፤ የክፍል ጓደኛ ከጠየቀን ሳንተነፍስ እንደረድራቸዋለን። ማይክሮሶፍት ራሱ ለኤክስፒ 128 ሜጋባይት ራም ይመክር ስለነበር፣ ያለን ነገር ሙሉ ነው ብለን እናምን ነበር።

የተገዛው ለሥራ ነው። ታላቅ ወንድሜ የሒሳብ ሥራ ጀምሮ ነበርና ቀን ቀን ፒችትሪና ኤክሴል ይሠራበታል፤ ደብዳቤ ሲኖር በፓወር ግዕዝ ይጽፋል። ማታ ግን ኮምፒውተሩ የእኛ ነው! ሶሊቴር ስናሸንፍ ካርታዎቹ ከላይ እየዘለሉ፣ እየነጠሩ ስክሪኑን ሲሞሉት ቤቱ በጩኸት ይናጋል። እናቴ ሳትቀር ከማድ ቤት ወጥታ ታይ ነበር።

ኮምፒውተር ተፈታትቶ የሚገጠም ዕቃ መሆኑን ያወቅነው ግን በጎረቤት ቤት ነው። ከዋሽንግተን ወንድማቸው የላከላቸው ኮምፒውተር ደርሶ ሁላችንም ልናይ ሄድን። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ፓወር ሳፕላዮች ከኋላቸው አንዲት ቀይ መቀየሪያ ነበረቻቸው፤ በአንድ በኩል 115፣ በሌላው 230 የሚል ተጽፎባታል። አሜሪካ የሚሠራው በ115 ነው፣ የእኛ መብራት ደግሞ 220 ቮልት ነው። መቀየሪያዋን ማንም አላያት። ሲሰካ «ድው!» አለ፤ የተቃጠለ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ሴቶቹ አማተቡ። ሁሉም ነገር ያለቀ መስሎን ነበር።

በማግስቱ ቴክኒሻን መጣ። ክዳኑን ፈታ፣ አሸተተ፣ «አይዟችሁ፣ የሞተው ይሄ ብቻ ነው» አለና ፓወር ሳፕላዩን በአራት ብሎን ነቅሎ አወጣው። ከቦርሳው ሌላ አውጥቶ ገጠመ፣ ቀይዋን መቀየሪያ በጥፍሩ ወደ 230 ገፋት፣ ሰካው። ተነሣ! ፋኑ ዞረ፣ ሞኒተሩ በራ፣ ልጆቹ ተቃቀፉ። በዚያች ቅጽበት ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። አንድ ክፍል ይሞታል፣ ሌላው ይኖራል፤ አንዱ ይወጣል፣ የተሻለው ይገባል። እንዴት ያለ ደስ የሚል ዕቃ ነው!

ከዚያ የእኛ ቤት ተራ ደረሰ። ጂቲኤ ቫይስ ሲቲ በሲዲ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ጨዋታው የሚጠይቀው ቢያንስ 800 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር፣ 128 ሜጋባይት ራምና 32 ሜጋባይት ያለው ቪጂኤ (የግራፊክስ) ካርድ ነው። የእኛ ቪጂኤ ማዘርቦርዱ ላይ የተሠራ ስለነበር ከዚያችው ከ128ቷ ይበደራል። መኪናው መንገድ ላይ እየቆመ ይሄዳል፣ ፖሊሱም እየቆመ ይከተለዋል። ወንድሜም ፒችትሪና ኤክሴል አብረው ሲከፈቱ ይሰቃያል። ለሥራም ለጨዋታም መድኃኒቱ አንድ ሆነ፤ ባለ 256 ራም ተገዛ።

የዚያን ዕለት ደስታ! ወንድሜ እጁን ታጥቦ፣ ክዳኑን ፈቶ፣ ራሟን በጠርዟ ይዞ፣ ወገቧ ላይ ያለችውን ጎድጓዳ ከስሎቱ ጋር አስተካክሎ ጫን አላት። በሁለቱም በኩል ነጫጮቹ መያዣዎች «ቀጭ፣ ቀጭ» ብለው ራሳቸው ተዘጉ። ሲበራ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ራም የሚቆጥረው ቁጥር መሮጥ ጀመረ። ከዚያ በፊት የሚቆምበትን ቦታ ሁላችንም እናውቀዋለን። እዚያ ደረሰ፤ አልቆመም፤ አልፎት ሄደ! እልል ነው ያልነው። ቆይቶ ደግሞ ቡናማው ስሎት ላይ ጂፎርስ 4 ኤምኤክስ 440 ተጨመረ፤ የቫይስ ሲቲ ፀሐይ ስትጠልቅ ባሕሩ ላይ የምታበራውን ያን ጊዜ አየን።

ያ ደስታ ግን አጥር ነበረው። የመጀመሪያዎቹ ፔንቲየም 4 ፕሮሰሰሮች እ.ኤ.አ. በኅዳር 2000 ሲወጡ የሚቀመጡበት ሶኬት 423 የሚባለው ነበር። ዓመት እንኳ ሳይሞላው በ2001 ሶኬት 478 መጣ፤ በ2004 ደግሞ 775። በዚያው በ2004 የቪጂኤው ስሎት ከኤጂፒ ወደ ፒሲአይ ኤክስፕረስ መዞር ጀመረ። ፕሮሰሰር ልቀይር ያለ ሰው ማዘርቦርድ ይቀይራል፤ ማዘርቦርድ የቀየረ ራም ይቀይራል፤ ራም የቀየረ ቪጂኤ ይቀይራል። በመጨረሻ የቀድሞው የሚተርፈው ኬዙና ማውዙ ነው።

ዛሬ ግን ምን ዓይነት ጊዜ መጣ! ፕሮሰሰር ሠሪው ኤኤምዲ ኤኤም 4 የተባለውን ሶኬት ይዞ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የመጀመሪያዎቹ ራይዘን ፕሮሰሰሮች በ2017 ተቀመጡበት፤ ከዚያ ተከታትለው የመጡ በርካታ ትውልዶችም እዚያው ሶኬት ላይ ይቀመጡ ጀመር። ራይዘን 7 5700ኤክስ3ዲ በ2024 ሲወጣም ለኤኤም 4 ነው የወጣው! እኔ ራሴ ቢ450 ማዘርቦርድ ላይ ራይዘን 5 2600 አስቀምጬ ጀመርኩ። ቆይቶ ባዮሱን አድሼ እዚያው ሶኬት ላይ ራይዘን 5 5600 አስቀመጥኩ። ራሙ ያው፣ ኬዙ ያው፣ ፓወር ሳፕላዩ ያው፤ ፍጥነቱ ግን ሌላ ማሽን ነው። ያን የ423 ሶኬት ዘመን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ተአምር ነው።

በቅርቡ የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። እሷም የሒሳብ ባለሙያ ናት። «ጋሼ፣ ቀን ለሥራ፣ ማታ ለኳስና ለጂቲኤ የሚሆነኝ ኮምፒውተር እፈልጋለሁ። ሲያንሰኝ የምጨምርበት ይሁን። ብሬ ግን ትንሽ ናት» አለችኝ። የደስታዬን ነገር ተዉት! ቅዳሜ ጠዋት ቦሌ ካሉት ሱቆች አንዱ ገባን።

ሻጩ ትሑት ልጅ ነው። ከመጽሐፍ ብዙ የማትበልጥ ትንሽዬ ኮምፒውተር አንስቶ «እህቴ፣ ይቺን ውሰጃት፣ ቦታ አትይዝም» አላት። ለቢሮ ብቻ ቢሆን ጥሩ ምርጫ ነበረች፤ ነገር ግን ቪጂኤ ካርድ የሚገባባት ቦታ የላትም። መደርደሪያው ላይ ግን ያገለገሉ የመሥሪያ ቤት ዴስክቶፖች ተደርድረዋል፤ ነጋዴዎቹ «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚሏቸው ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር። «ወንድሜ፣ እስኪ ያንን ቁመታሙን ክፈትልን» አልኩት።

ኦፕቲፕሌክስ 7060 ነው። ብሎን የለ፣ መፍቻ የለ፤ መያዣውን ሲስበው ክዳኑ ወጣ። ያ የጥንት ሰፊ ግራጫ ኬብል የለም፤ ውስጡ ጥርት ያለ ነው። የእህቴ ልጅ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። አራት የራም ስሎት፣ የተያዘው አንዱ ብቻ። ከሥሩ ኤንቪኤምኢ ለሚባለው ፈጣን ኤስኤስዲ የሚሆን ኤም.2 ቦታ። መሐል ላይ ለቪጂኤ ካርድ የሚሆን ረጅም ፒሲአይ ኤክስፕረስ። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5 8500፣ ባለ ስድስት ኮር። ይህ 8ኛ ትውልድ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በይፋ የሚቀበለው ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛው ጀምሮ ሲሆን፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። በስድስተኛና በሰባተኛ ትውልድ ርካሽ ዋጋ የሚታለል ሰው ይህን ይወቅ።

ፓወር ሳፕላዩ ላይ የተለጠፈውን አነበብን፤ 260 ዋት። እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። የእነዚህ የመሥሪያ ቤት ማሽኖች ፓወር ሳፕላይ መሰኪያው የፋብሪካው የራሱ ስለሆነ እንደ ልብ አይቀየርም። ስለዚህ ካርዱ ተጨማሪ ኬብል የማይጠይቅ፣ ከስሎቱ በሚያገኘው 75 ዋት የሚኖር መሆን አለበት። ደግነቱ እንዲህ ያለ ካርድ አለ። ጂቲኤክስ 1650 ብዙው ዓይነት በ75 ዋት ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ባለ 6 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3050 ደግሞ 70 ዋት ብቻ ነው። ጠበብ ያለውን ኬዝ፣ ኤስኤፍኤፍ የሚሉትን፣ የመረጠ ሰው አጭር ቁመት ያለውን ካርድ መፈለግ ግድ ይሆንበታል፤ ቁመታሙ ግን መደበኛውንም ይቀበላል።

የነበረው ራም አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ነው። ሁለተኛ 8 ጊጋባይት ገዛን። ቁጥሩ ወደ 16 ከማደጉ ሌላ ሁለት ራም ጎን ለጎን ሲሠራ መንገዱ እጥፍ ይሆናል፤ ከራም የሚበደረው የፕሮሰሰሩ ግራፊክስ በዚህ በጣም ይጠቀማል። «ራስሽ ግጠሚው» አልኳት። ጎድጓዳዋን አስተካክላ ጫን አለችው። «ቀጭ!» ሁለታችንም ጮኽን፤ ሻጩም አብሮን ሳቀ። ከ128 ሜጋባይት ተነሥተን 16 ጊጋባይት ላይ ነን እኮ! አንድ መቶ ሃያ ስምንት እጥፍ! ቫይስ ሲቲ ሃርድ ዲስክ ላይ የሚይዘው ቦታ አንድ ጊጋባይት አይሞላም ነበር፤ ጂቲኤ 5 ከ70 ጊጋባይት በላይ ይበላል። ለዚህ ነው ኤስኤስዲው ከ500 ጊጋባይት እንዳያንስ ያልኳት። ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት ሲያነብ፣ ደህና ኤንቪኤምኢ ከ3,000 ያልፋል። ኮምፒውተር ከፍቶ ቡና እስኪፈላ የመጠበቅ ዘመን አከተመ!

ቪጂኤ ካርዱ ዕቁብ ሲደርሳት ይገባል። ይህ ነው የሚጨመርበት ኮምፒውተር ፀጋው። ግቢው ውስጥ ሰርቪሷን ሠርቶ ገብቶ፣ ዋናውን ቤት አቅሙ ሲፈቅድ የሚጨርስ ሰው ሰላም እንደሚያድር ማለት ነው። መሬቱ መስፋቱን ብቻ ቀድሞ ማየት ይበቃል።

በጀቷ ትንሽ ፈቀቅ ያለላት ብትሆን ሌላም መንገድ ነበር። አዲስ ኤኤም 4 ማዘርቦርድ፣ ራይዘን 5 5600ጂ፣ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ዲዲአር 4 ራም፣ የታወቀ ስም ያለው 500 ወይም 550 ዋት ፓወር ሳፕላይ። 5600ጂ የራሱ ግራፊክስ ስላለው ያለ ካርድ ቀላል ጨዋታ ያስጀምራል፤ ነገ ደግሞ እንደ አርኤክስ 6600 ያለ፣ ለብቻው የኃይል ኬብል የሚጠይቅ ካርድ ለመቀበል ፓወር ሳፕላዩ ዝግጁ ነው። ኤኤም 5 ከዚህ የበለጠ ዕድሜ ከፊቱ አለው፤ ነገር ግን የሚፈልገው ዲዲአር 5 ነው፤ ዲዲአር 4 አይገባበትም። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ራሙን እየጠረጉት ዋጋው በዓለም ገበያ ንሯል፤ ስለዚህ ራሙ ውስጡ ያለ ጤነኛ ያገለገለ ማሽን ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ ያዋጣል።

ፍርዴ ይኸው ነው። ብር ካጠረ፣ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ቁመታም የመሥሪያ ቤት ዴስክቶፕ ግዙ፤ ብር ካለ፣ በደህና ፓወር ሳፕላይ የተገጠመ ኤኤም 4 አሠሩ። በሁለቱም መንገድ ዩፒኤስ አትርሱ፤ መብራታችንን ታውቁታላችሁ። እና ሱቅ ስትገቡ የፕሮሰሰሩን ስም ብቻ ሰምታችሁ ገንዘብ አትቁጠሩ። ክዳኑን አስከፍቱ፤ ባዶ የራም ስሎት፣ ኤም.2፣ ረጅሙን ፒሲአይ ኤክስፕረስና የፓወር ሳፕላዩን ዋት በዓይናችሁ እዩ። አልከፍትም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡና የሚከፍተው ጋ ግዙ።