ስለ አሮጌ ጎማና ስለ ተማረ ሰው

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የሚወርድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፥ በአራዳ መንደሮች ጆንያ ተሸክሞ «ቁራሌው!» እያለ የሚዞረውን ሰው ሁልጊዜ ይሰማዋል፤ ነገር ግን አያስተውለውም። የተማረ ሰው እንጀራ ከቢሮ ወንበር እንጂ ከጆንያ አይገኝም ብሎ ያስባልና። ቁራሌው ግን ጠርሙሱንና ቆርቆሮውን በገንዘብ ይገዛል፤ በመርካቶም ምናለሽ ተራ የተጣለው ነገር እንደ ገና ዕቃ ይሆናል።

የአሮጌ ጎማ ነገር ከዚህ ይልቅ ይደንቃል። ጎማ ቢጥሉት አይበሰብስም፤ ዝናብ አቍሮ ትንኝ ያራባል፤ ቢያቃጥሉትም ጢሱ ሳንባ ይጐዳል። ድኻው ግን በረባሶ አድርጎ ሲጫማው ኖሯል። በዩኒቲ የሒሳብ አያያዝ የተማረችው ቤተልሔም ጥላሁን ይህን ጫማ አልናቀችም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም.፥ ባደገችበት በዘነበወርቅ ሰፈር ሶልሬብልስ የተባለውን ድርጅት አቋቁማ፥ ሶሉን ከመኪና ጎማ፥ ላዩን በእጅ ከተፈተለ ጥጥ አሠራች፤ ጫማውም ባሕር ተሻግሮ ተሸጠ። ጥበቡ አዲስ አልነበረም፤ ጎማ መቍረጥም ጥጥ መፍተልም በአገሩ የቈየ ሙያ ነው። የጐደለው ወጪና ገቢን የሚያሰላ፥ የሩቅ አገር ገዢ የሚሻውን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ይህ ደግሞ ከትምህርት የሚገኝ ነው።

ከፒያሳ ቡና ቤቶች የሚወጣው የቡና አተላም እንጉዳይ ይበቅልበታል፤ ለአትክልትም ብስባሽ ይሆናል። ይህን በአራት ኪሎ የሥነ ሕይወት ተማሪ ሊያውቀው ይችላል፤ ቁራሌው ግን አተላ አይገዛም።