ካታፓ ለምን ገደለው?

«ኧረ የህንድ ፊልም አታድርገው!» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ተጋነነ ማለት ነው። አንድ ሰው ሃምሳ ይዘርራል፣ ከዚያ ሳያልበው ይዘፍናል። ይህን ስም ያወጣነው በሂንዲ ፊልሞች የተነሳ ነው። የህንድ ሲኒማ ግን አንድ አይደለም፤ ሃይደራባድ ላይ የከተመ፣ በቴሉጉ ቋንቋ የሚሠራ ሌላ ትልቅ ቤት አለ። ማጋነንን እንደ ሙያ የያዘውም እሱ ነው። ምስክሬ «ባሁባሊ» ነው።

ዳይሬክተሩ ኤስ. ኤስ. ራጃሙሊ ነው፤ ታሪኩን የጻፉት ደግሞ አባቱ ቪጃዬንድራ ፕራሳድ ናቸው። የመጀመሪያው ክፍል በ2015፣ ሁለተኛው በ2017 እ.ኤ.አ. ወጣ። ሁለተኛው ከ10 ቢሊዮን ሩፒ በላይ በማስገባት ከህንድ ፊልሞች የመጀመሪያው ሆነ።

እኔ ፊልሙን የምወድለት ለማጋነኑ ምክንያት ስለሚሰጥ ነው። ጀግናው ግዙፉን የሺቫ የድንጋይ ምስል ነቅሎ በትከሻው ይሸከማል። ለምን? እናቱ ለስለቷ በእንስራ ውኃ ስታመላልስ አይቶ አንጀቱ ስላልቻለ። ወስዶ ፏፏቴው ሥር ያቆመዋል፤ ከእንግዲህ ውኃው ራሱ ይውረድበት! እዚህ ላይ ስለ ፊዚክስ የሚጠይቅ ሰው እናት የለውም። በሁለተኛው ክፍል ወታደሮች ዘንባባ አጉብጠው እንደ ወንጭፍ ራሳቸውን ወደ ግንብ ሲያስወነጭፉ ግን ስሜቱ ቀርቷል፤ የቀረው ኮምፒዩተሩ ብቻ ነው። ያኔ እኔም ሳቄ መጣ።

ሳቅ የማያስመጣው ሌላ ነው። አቫንቲካ የምትባል ተዋጊ አለች፤ ቆፍጣና፣ ለዓላማዋ የቆረጠች። ጀግናው ይመጣና በትግል መሐል ፀጉሯን ይፈታል፣ ልብሷን ይገፋል፣ ይኳኩላታል። እሷም ትወደዋለች! አብራኝ ታይ የነበረችው የእህቴ ልጅ፣ «አጎቴ፣ ይቺ ልጅ ወታደር አልነበረችም እንዴ?» አለችኝ። ነበረች። በሁለተኛው ክፍልማ ጭራሽ ፈልጎ ማግኘትም ያስቸግራል። በህንድም ያኔውኑ ይህን ትዕይንት አምርረው የተቹ ነበሩ። የሚያስቆጨው፣ ፊልሙ ሴትን ማክበር አቅቶት አለመሆኑ ነው። ሕፃን ይዛ ዙፋን የምትጠብቀው ሲቫጋሚ፣ 25 ዓመት በሰንሰለት ታስራ ጠላቷን የምታቃጥልበትን ጭራሮ የምትለቅመው ዴቫሴና እዚያው አሉ።

ደግሞ ካላኬያዎቹ! አረመኔ ሆነው የቀረቡት እነዚህ ወራሪዎች ከሰል የመሰሉ ጥቁር ናቸው፤ ቋንቋቸውም ለፊልሙ ተብሎ የተፈጠረ ነው። ጀግኖቹ የቀዩ፣ ጭራቆቹ የጠቆሩ። እንደ እኛ ያለ መልክ ያለው ተመልካች ለማን እንደሚያጨበጭብ ግራ ይገባዋል።

አሁን ወደ ካታፓ። የመጀመሪያው ክፍል የሚያልቀው ታማኙ ሽማግሌ ካታፓ ባሁባሊን መግደሉን ራሱ ሲናገር ነው። ህንድ ሁለት ዓመት ሙሉ «ለምን ገደለው?» ስትል ከረመች። ያላየ ሰው ካለ ይቅር ይበለኝ፤ መልሱ ስለታዘዘ ነው። አያት ቅድመ አያቶቹ ለዙፋኑ ባርነት ስለማሉ፣ እንደ ልጁ የሚወደውን ሰው ከጀርባው ወጋው። አልቅሶ ወጋው። ጠልቶ አይደለም፣ ተከፍሎትም አይደለም።

በእኔ እምነት የፊልሙ ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ ትልቁ ድክመቱም እዚሁ አለ። ክፋት አንዳንዴ በደግ ሰው እጅ፣ በታማኝነት ስም እንደሚፈጸም አሳይቶን ሲያበቃ፣ መሐላውን ሳይመረምር ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ክፉ ንጉሥ ላይ አራግፎ ያቃጥለዋል። ደጉ ልጅ ይነግሣል፤ እኛም እናጨበጭባለን። ዙፋኑ ላይ የተቀመጠው ተለወጠ እንጂ፣ ዙፋኑ ያዘዘውን ሁሉ መፈጸም ግዴታ ነው የሚለው መሐላ የት ሄደ? ነገ ሌላ ክፉ ቢቀመጥበት፣ ያው ካታፓ ያንኑ ሰይፍ አይመዝም ትላላችሁ?