የአንገት መስቀልን ከእንጨት ስለ መቅረጽ

በአገራችን ሥርዐት ወንድ ሕፃን በ40፥ ሴት ሕፃን በ80 ቀን ሲጠመቁ በአንገታቸው ማዕተብ ይታሰርላቸዋል፤ በማዕተቡም ላይ ብዙ ጊዜ ትንሽ መስቀል ይንጠለጠላል። ይህ መስቀል ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ከገበያ ተገዝቶ የሚመጣ ነው። ከእንጨት በገዛ እጁ ቀርጾ ለልጁ የሚያስር አባት ግን ጥቂት ነው። ይህ ስለ ምን ሆነ ቢሉ፥ ድካሙን ስለ መፍራት ብቻ አይደለም፤ የተማረ ሰው መሮ መያዝን እንደ ውርደት የቈጠረበት ዘመን ረጅም ስለ ነበረ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል፤ ዳሩ ግን አዋጅ አፍን ቢዘጋ ልብን ቶሎ አያቀናም። ኦሪት ዘጸአት ባስልኤል እንጨት ይቀርጽ ዘንድ የእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ሞላበት ይናገራል፤ በማርቆስ ወንጌልም ጌታችን ጸራቢ ተብሎአል። ይህን በጉባኤ የሚተረጉም ሊቅ ከጉባኤው ሲወጣ ጸራቢ ጎረቤቱን በንቀት የሚያይ ከሆነ፥ ትርጓሜው የት ላይ ቀረ?

በአንድ ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ፥ ዕድሜያቸው ወደ 60 የተጠጋ አንድ መሪጌታ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው በተወለደ ሰሞን፥ «መስቀሉን እኔ እቀርጽለታለሁ» አሉ። ቢላዋ ለእጃቸው እንግዳ አልነበረም፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ብርዕ ሲቀርጹ ኖረዋልና። (ይህ «ቀረጸ» የሚባለው ግስ ምንኛ የታደለ ነው! ብርዕም ይቀርጻል፥ ጽላትም ይቀርጻል፥ ዛሬ ደግሞ የመዘምራንን ድምፅ ይቀርጻል።) ነገር ግን ሸምበቆ ውስጡ ባዶ ነው፥ ወይራ ግን ሙሉ ነው። መሪጌታውም ርግብ ለኖኅ ያመጣችውን ቅጠል አስበው ወይራን መረጡ። ምሥጢሩ መልካም ነበረ፤ ለጀማሪ እጅ ግን ወይራ ጽኑ ነው፤ ዋንዛ ይሻል ነበር።

ሦስት መስቀል ቀረጹ፤ ሦስቱም ተሰበሩ። ሁሉም የተሰበሩት በአንድ ስፍራ፥ ክንዱ ከግንዱ በሚጋጠምበት ላይ ነው። ቀኑም ይሄድ ነበር፤ ከ40ው ቀን የቀረው 11 ቀን ብቻ ነበረ። በሰፈሩም «መሪጌታ ማኅሌቱን ትተው አናጢ ሆኑ» የሚል ሣቅ ተሰማ፤ ልጃቸውም አፍሮ «አባባ፥ ይተዉት፤ የብር እገዛለታለሁ» አላቸው። እርሳቸው ግን ስብርባሪውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ከገበያው ዳር ወደሚሠራ አንድ ወጣት አናጢ ሄዱ።

አናጢው ከመቀመጫው ተነሥቶ ስብርባሪውን ካገላበጠ በኋላ፥ «የኔታ፥ ጥፋቱ የእጅዎ አይደለም። መስቀል ሁለት መንገድ አለው፥ እንጨት ግን መንገዱ አንድ ነው» አላቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። የእንጨት ቃጫ በቁመት ይሄዳል፤ የመስቀሉም ግንድ ከቃጫው ጋር ስለሚሄድ ጽኑ ነው። ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተዘረጉት ክንዶች ግን ቃጫውን አቋርጠው ይወጣሉ፤ በእነርሱ ውስጥ የሚቀረው ቃጫ አጭር ስለ ሆነ ጥቂት ሲጫኑት ከሥሩ ይላቀቃል። ስለዚህ ክንዱ አጠር፥ ሥሩም ወፈር ማለት አለበት። የውስጡ ቀዳዳም እንጨቱ ገና ድፍን ሳለ አስቀድሞ ይወጣል፤ የውጭው ቅርጽ ከዚያ በኋላ በትንሽ መጋዝ ይቈረጣል፤ ማሳሳቱ የመጨረሻ ነው። መሪጌታው ይህን ሁሉ ገልብጠው፥ አስቀድመው አሳስተው፥ ኋላ ይበሱ ነበር።

ከዚህም በላይ አናጢው በቤቱ የነበረ አንድ አሮጌ የእጅ መስቀል አሳያቸው። ክንዶቹን በዙሪያው የሚያያይዝ ሐረግ ነበረበት። ሐረጉ ከክንድ ወደ ክንድ እየተሻገረ ደካማውን ከጽኑው ጋር ያስተሳስረዋል፤ ጌጥ ሲመስል ሸክም ይሸከማል። መሪጌታው ብዙ ዝም ብለው አዩትና፥ «ሰሙ ጌጥ፥ ወርቁ ድጋፍ! ስንት ዘመን ስሳለመው ሰሙን ብቻ ነው ያየሁት» አሉ። ቀጥለውም ወጣቱን «እንግዲህ የኔታ አንተ ነህ» አሉት። ወጣቱ ደንግጦ እጃቸውን ሊስም ጐነበሰ፤ እርሳቸው ግን ከልባቸው ነበረ።

ከዚያ በኋላ በየማታው ከጉባኤ መልስ ከሱቁ ይቀመጡ ነበር። በጥላ የደረቀ የዋንዛ ቁራጭ ተሰጣቸው፤ በፀሐይ በችኰላ የደረቀ እንጨት ከጫፉ ይሰነጠቃልና። የደነዘዘ ስለት ኃይል ስለሚጠይቅ አምልጦ ጣት እንደሚቈርጥ፥ የተሳለው ግን በቀስታ እንደሚታዘዝ ተማሩ፤ በግራ አውራ ጣታቸውም ቍራጭ ቈዳ ጠመጠሙ። ወደ ራስ ከመሳብ ይልቅ በአውራ ጣት እየገፉ ጥቂት ጥቂት መላጥ ይሻላል፤ ቃጫው ሲነሣ ቢላዋውን አዙሮ ከሌላው ወገን መምጣት ነው። የማዕተቡን ክር ማስገቢያ በመሮ ቢበሱት ይሰነጥቃል፤ ስለዚህ ወስፌ በእሳት አግለው፥ ከጫፉ የገብስ ቅንጣት ያህል አርቀው፥ እያቃጠሉ በሱት። በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፥ የተልባ ዘይት ቀብተው ሰቀሉት።

አራተኛው መስቀል ሁለት ጣት የሚሆን ቁመት ነበረው። ወፍራም ነው፥ የግራ ክንዱ ከቀኙ ጥቂት ይበልጣል፥ ሐረጉም እንደ አሮጌው አላማረም። በ40ው ቀን ካህኑ ባርከው በሕፃኑ አንገት አሰሩት። ልጃቸው የብሩን መስቀል ገዝቶ በኪሱ ይዞ መጥቶ ነበር፤ አላወጣውም። ሕፃኑም ጥርስ ሲያወጣ ያን የዋንዛ መስቀል ይነክሰው ጀመር፤ ክንዱ ግን አልተሰበረም።