ሰው ሲጣራ አቤት ነው

«የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎችን ከሽቦ ጋር ምን አገናኛቸው?» እየተባለ በምግብ አዳራሽ ሰልፍ ላይ መሳቂያ ከሆንን እነሆ ሁለተኛ ወራችን ነው። ሳቁን አልጠላነውም። ሆኖም ያለፈው ቅዳሜ በፍቅር ሐይቅ ዳር ያየነውንና የሰማነውን እንደ ሆነው አድርገን ብንጽፍ፥ የሳቀውም ያልሳቀውም አንባቢ ይፈርድልን ወይም ይፈርድብን ይሆናል ብለን ብዕር አነሣን።

መጀመሪያ ስለ ነገሩ ምንነት ጥቂት እንበል። ዘወትር የምናዳምጠው ሬድዮ አንዱ ተናጋሪ፥ ሺሁ አድማጭ የሆነበት ነው። አማተር ሬድዮ የሚባለው ግን ሁሉም ተናጋሪ ሁሉም አድማጭ የሆነበት ነው። አንድ ሰው ትምህርቱን ተምሮ፥ ፈተናውን አልፎ፥ ከመንግሥት ፈቃድና የጥሪ ስም ይቀበልና ራሱ ባቆመው መሣሪያ ከማያውቀው አገር ከማያውቀው ሰው ጋር ይነጋገራል። ሥራው ለንግድ አይደለም፤ ክፍያ መቀበልም ክልክል ነው። «አማተር» የሚለው ቃል ራሱ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «አፍቃሪ» ማለት ነው። ስለዚህ ሽቧችንን ለመስቀል ፍቅር ሐይቅን ስንመርጥ ቦታው በስሙም ሳይገባን አልቀረም።

በየአገሩ ያሉት የዚህ ሥራ ማኅበራት በ1925 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ አንድ ዓለም አቀፍ ኅብረት መሥርተዋል፤ የምሥረታው ቀን ሚያዝያ 10 በየዓመቱ ይታሰባል። በሰሜን አሜሪካ ያሉት ደግሞ ከ1933 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት በቀር፥ በሰኔ አጋማሽ ገደማ በሚውል አንድ ቅዳሜና እሑድ መሣሪያቸውን ተሸክመው ወደ ሜዳ ይወጣሉ። ድንኳን ይተክላሉ፥ ሽቦ ከዛፍ ዛፍ ይዘረጋሉ፥ በባትሪና በጄኔሬተር 24 ሰዓት ይሠራሉ። መብራትና ስልክ በአደጋ ምክንያት ቢጠፋ መልእክት ማድረስ እንዲችሉ ልምምድ መሆኑ ነው። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ኔፓልን ባፈራረሰ ጊዜም ልምምዱ ከንቱ እንዳልነበረ ታይቷል። በሜዳው ላይ ግን አንድ ሌላ ሥራ አላቸው፤ መንገደኛውን ሁሉ «ና፥ ግባ፥ እይ፥ ጠይቅ» ይሉታል።

እኛ ይህን በተገላቢጦሽ ነበር የጀመርነው። አንድ ሌሊት በመኝታ ክፍላችን መስኮት ቀጭን ሽቦ አሹልከን፥ ከደጅ ካለው ዛፍ ላይ አስረን፥ መብራት አጥፍተን በአንድ ብርድ ልብስ ሥር ስናዳምጥ አደርን። በማግሥቱ ሽቦው ተቈርጦ ወድቆ አገኘነው። ማን እንደ ቈረጠው አልጠየቅንም፤ ለመጠየቅ ድፍረቱም አልነበረንም። ከምሳ በፊት «የማንን ወሬ ነው የሚጠልፉት?» የሚል ጥያቄ ከሕንጻ ሕንጻ ሲዞር ሰማን። አዘንን። ኋላ ግን ስናስበው ሐሜተኛውን ለመውቀስ አፍ አጣን። ሌሊት፥ በጨለማ፥ በብርድ ልብስ ሥር የሚሠራን ሥራ ማን በበጎ ይተረጕመዋል?

ደግሞስ ሬድዮ በአገራችን ቀላል ነገር ሆኖ ያውቃልን? በ1927 ዓ.ም. የአቃቂ ጣቢያ ከተከፈተ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ የወረራውን መምጣት ለዓለም ያሰሙት በእርሱ ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግርግር የአልጋ ወራሹ ቃል የተነበበው በሬድዮ ነበር። በመስከረም 1967 ዓ.ም. የንጉሡን ከሥልጣን መውረድ አገር የሰማው በሬድዮ ነበር። አባቶቻችን ማለዳ ሬድዮ ከፍተው የሰልፍ ዜማ ሲሰሙ ልባቸው ድንግጥ የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ አገር ሽቦ የሚዘረጋ ሰው ቢጠረጠር አይፈረድም። ለዚህ ጥርጣሬ መድኃኒቱ መደበቅ ሳይሆን መውጣት ነው። የሲዳማ ሽማግሌዎች በሶንጎ የሰውን ነገር የሚያዩት ከዛፍ ጥላ ሥር፥ ሁሉ እየሰማ አይደለምን? እኛም ወደ ዛፉ ለመሄድ ቈረጥን።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አንድ በውሰት ያገኘነውን አጭር ሞገድ ተቀባይ ሬድዮ፥ ጥቂት ባትሪና 10 ሜትር የመዳብ ሽቦ ይዘን ወረድን። ርዝመቱን በዘፈቀደ አልመረጥነውም። ልናዳምጠው ያሰብነው በ14 ሜጋ ሄርዝ አካባቢ ያለውን የአማተሮች ሞገድ ነበር፤ የዚህ ሞገድ ርዝመት 20 ሜትር ያህል ሲሆን፥ ግማሹን የሚያህል ሽቦ ደኅና አድርጎ ይቀበለዋል። በሁለት ዛፎች መካከል ሰቀልነውና በካርቶን ላይ «የሩቅ አገር ሰዎች ሲነጋገሩ ለመስማት የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ፤ በነጻ ነው» ብለን ጻፍን። መሣሪያችን የሚቀበል እንጂ የሚያስተላልፍ አልነበረም፤ የማስተላለፍ ፈቃድም የለንም። ይህንንም ከካርቶኑ ግርጌ ጻፍነው።

ሕዝቡ መጣ። ጀልባ የሚጠብቁ ጎብኝዎች፥ ዓሣ በልተው የሚመለሱ ቤተ ሰቦች፥ ሊስትሮዎች፥ የሙሽራ ሚዜዎች ሳይቀሩ ከበቡን። አንድ ጥበቃም መጥተው ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይናቸው ለኩና ካርቶኑን አንብበው ከዳር ቆሙ። እኛም በኩራት ሬድዮኑን ከፈትን።

የወጣው ድምፅ የዳክዬ ነበር። «ኳክ፥ ኳክ፥ ኳክ» ይላል። ቍልፉን ብናዞር ቀጭን ዳክዬ፥ መልሰን ብናዞር ወፍራም ዳክዬ። ልጆቹ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ሳቁ። ከሐይቁ ዳር የቆሙት አባ ኮዳዎች እንኳ አንገታቸውን አዙረው የታዘቡን መሰለን።

ከዛፉ አጠገብ ቡና የሚያፈሉ እናት ነበሩ። በረከቦታቸው አጠገብ አንድ አሮጌ ሬድዮ ዜና ይናገራል። «ልጆቼ፥» አሉን «ማዳመጥ ብቻ ከሆነ እኔም ሬድዮ አለኝ፤ የኔው እንኳ ሰው ሰው ይላል።» ሕዝቡ እንደ ገና ሳቀ። እኛ መልስ አጣን።

በዚህ ጊዜ ነው ከቡናው በርጩማ ላይ አንድ ሽማግሌ የተነሡት። በወጣትነታቸው በሠራዊት ውስጥ የሬድዮ ሠራተኛ እንደ ነበሩ ኋላ ነገሩን። ጥቂት አደመጡና «ዳክዬ አይደለም፥ ሰው ነው፤ ግማሹን አስቀርቶ ነው የሚልክላችሁ» አሉ። ነገሩን ሲያስረዱን እንዲህ ነው፦ ተራው ሬድዮ ጣቢያ ድምፁን ከአንድ ተሸካሚ ሞገድ ጋር፥ ያውም ሁለት መንትያ አድርጎ ይልካል። አማተሩ ግን ጉልበት ለመቈጠብ ተሸካሚውንና ከመንትያዎቹ አንዱን አስቀርቶ ቀሪውን ብቻ ይልካል። ተቀባዩ የጎደለውን ተሸካሚ ሞገድ ካልመለሰለት የሰው ቋንቋ የዳክዬ ይሆናል። የኛ ሬድዮ ይህን የሚመልስ ክፍል አልነበረውም።

«እንግዲያው ከንቱ ደከምን» አልን።

ሽማግሌው ግን ወደ ቡናዋ እናት ዞር ብለው «እመቤት፥ ሬድዮዎን ያውሱን» አሉ። እናቲቱም በቀሚሳቸው ጠርገው ሰጡ። ሽማግሌው ሁለቱን ሬድዮ ጎን ለጎን አስቀመጡ። ሁለተኛውን አጭር ሞገድ ላይ አድርገው፥ ከምንሰማው ድምፅ 455 ኪሎ ሄርዝ ዝቅ ባለ ቦታ ላይ በጥንቃቄ አዋሉት፤ ድምፁንም ዘጉት። እንደ ነገሩን፥ እንዲህ ያለ ሬድዮ ሲቀበል በውስጡ የራሱን ደካማ ሞገድ ያመነጫል፤ ያ ሞገድ ከተስተካከለበት ቦታ ብዙ ጊዜ 455 ኪሎ ሄርዝ ከፍ ይላል፤ ሾልኮም ለጎረቤቱ ሬድዮ የጎደለውን ተሸካሚ ይሆንለታል። ቍልፉን በፀጉር ስፋት ያህል ወዲያና ወዲህ አደረጉ። ዳክዬው ተንተባተበ፥ ወፈረ፥ ቀጠነ፤ ከዚያም ድንገት ሰው ሆነ።

አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ይጣራ ነበር። «ሲ ኪው፥ ሲ ኪው፥ ሲ ኪው» ይላል፤ ይህም በአማተሮች ዘንድ «የሚሰማኝ ሁሉ ይመልስልኝ» ማለት ነው። የጥሪ ስሙን ፊደል በፊደል ቈጠረ፤ ከኢጣልያ መሆኑን ተናገረ። ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ድምፁ ወደ ሰማይ ወጥቶ፥ የፀሐይ ጨረር በኤሌክትሪክ ከሞላው የአየር ንብርብር ላይ ነጥሮ፥ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር እየበረረ፥ በፍቅር ሐይቅ ዛፍ ላይ ወደ ተሰቀለ ሽቦ ወረደ። ሕዝቡ ጸጥ አለ። ጥበቃው ከዳር ወደ መካከል ገቡ። ሰውየው ተጣራ፥ ዝም ብሎ ጠበቀ፤ ደግሞ ተጣራ፥ ደግሞ ጠበቀ።

ቡና የሚያፈሉት እናት ጀበናውን አስቀምጠው «መልሱለት እንጂ!» አሉ።

«አንችልም እማማ፤ መስማት እንጂ መናገር አልተፈቀደልንም።»

«ሰው ሲጣራ ዝም ይባላል? አቤት በሉት!»

እውነቱን ለመናገር፥ ከዚያ ወዲህ በጆሯችን የቀረው የኢጣልያው ሰው ድምፅ ሳይሆን ይህ የእናቲቱ ቃል ነው። እኛ በልጅነታችን ስማችን ሲጠራ «አቤት» ያላልን እንደ ሆነ በአርጩሜ የተገረፍን ልጆች ነን። እነሆ አድገን፥ ዩኒቨርሲቲ ገብተን፥ የሚጣራውን ሰው እየሰማን ዝም አልን። ሰውየውም ጥቂት ጠብቆ ሌላ ሰው መለሰለትና ወደዚያው ሄደ።

«ለመሆኑ በዚህ የስልክ ዘመን ይህ ምን ይጠቅማል?» ብሎ አንድ ጎልማሳ ጠየቀን። እኛ የኔፓልን ነገር ልናነሣ ስንል ከመካከላችን አንዱ ቀደመን። እርሱ በሐዋሳ በአጎቱ ቤት ያደገ ሲሆን እናቱ በመቀሌ ናቸው። «ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ ስልኩ ተቋርጦ ለብዙ ወራት የእናቴን ድምፅ አልሰማሁም፤ መኖሯንም አላወቅሁም» አለና ዝም አለ። ሌላ አልጨመረም። እኛም በዛፍ ላይ የተሰቀለ ሽቦ ያንን ዝምታ ይሰብረው ነበር ብለን አንዋሽም፤ በጦርነት ጊዜ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚፈቅድ የለም። ነገር ግን ጓደኛችን ያን ዕለት ከሬድዮኑ አጠገብ ለምን እንዳልተነሣ ገባን። ጎልማሳውም ሁለተኛ አልጠየቀም፤ ቡና ገዝቶ ለጓደኛችን ሰጠው።

እንግዲህ ወደ ፍሬ ነገሩ እንምጣ። በአገራችን «አቤት» የሚል ፈጽሞ የለም ማለት አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፥ በአምስት ኪሎው የቴክኖሎጂ ግቢ፥ የኢትዮጵያ አማተር ሬድዮ ማኅበር ጣቢያ አለ፤ የጥሪ ስሙም ኢ ቲ 3 ኤ ኤ ይባላል። «ኢ ቲ» ለኢትዮጵያ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተሰጠ መለያ ነው። ይህ ጣቢያ በደርግ ዘመን ድምፁ ጠፍቶ፥ ከመንግሥት ለውጡ በኋላ ተነሥቶ፥ እንደኛው ያሉ ተማሪዎች ተቀምጠው ከዓለም ጋር የተነጋገሩበት ነው። የአየር ሞገድን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም በአዋጅ ቍጥር 1148/2011 ተቋቁሟል። ስለዚህ የሚንኳኳ በር አለ። በየብቻችን በብርድ ልብስ ሥር ሆነን ግን አይከፈትልንም። ስሙ የታወቀ፥ አባላቱ የተመዘገቡ፥ ሥራው በአደባባይ የሚታይ ማኅበር ሆነን መቅረብ አለብን።

ሕዝቡን መጋበዝም ለጌጥ አይደለም። ያን ቀን ብቻችንን ብንሆን ኖሮ ዳክዬ ሰምተን በተመለስን ነበር። ዕውቀቱ የሽማግሌው ነበረ፤ ሁለተኛው ሬድዮ የቡናዋ እናት ነበረ፤ የኛ ድርሻ ሽቦው ብቻ ነበረ። ሊከለክሉን ይችላሉ ብለን የፈራናቸው ጥበቃም ሲመሽ ሽቦውን ከዛፍ ላይ ስናወርድ መሰላል ያዙልን።

ስለዚህ የምህንድስና ወንድሞችና እህቶች ሆይ፥ ማስተላለፊያ መሥራት የምትችሉ እናንተ ናችሁና ኑ። የሕግ ተማሪዎች፥ ማመልከቻ ማርቀቅ ታውቃላችሁና ኑ። የቋንቋ ተማሪዎች፥ የሚጣራው ሰው በአንድ ቋንቋ ብቻ አይጣራምና ኑ። በሚመጣው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በዚያው ዛፍ ሥር እንገኛለን። መዝገብም ይዘን እንመጣለን፤ በአባልነት መግባት የሚፈልግ ስሙን ያስጽፍ። አሮጌ አጭር ሞገድ ሬድዮ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የቡናዋ እናት የርሳቸውን ለማዋስ ቃል ገብተውልናል፤ «ባትሪውን ግን እናንተ ትገዛላችሁ» ብለዋል።

ፈቃዱ እስኪገኝ ድረስ ጆሯችንን እናሠለጥናለን። እናቲቱ ግን ስንሰናበታቸው አንድ ነገር ጠይቀውናል፤ «ያ ሰው ሌላ ቀን ቢጣራ ምን ትሉታላችሁ?»