ሁለት ሳምንት ሙሉ የወቀስኩት መስመር

ደሴ ያለውን ቅርንጫፋችንን ከአዲስ አበባው ዋና መሥሪያ ቤት ጋር በኪራይ መስመር አገናኝ ተባልኩ። እስከዚያ የደሴዋ ሂሳብ ሠራተኛ በየወሩ ሪፖርቱን በፍላሽ ይዛ፣ የ6 ወር ልጇን ለእናቷ ትታ፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ትመጣ ነበር። «ወንድሜ፣ በናትህ ቶሎ ጨርስልኝ» ብላኛለች።

መስመሩ ገባ። ከራውተር ወደ ራውተር ፒንግ ሳደርግ ይመልሳል። ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ግን ጭጭ! እናላችሁ፣ «መስመራችሁ ችግር አለበት» እያልኩ አቅራቢዎቹን ሁለት ሳምንት ሙሉ አደረቅኳቸው። በመሃል ወሩ አለቀና እሷ እንደገና ተሳፈረች።

አንድ ማታ የሁለቱን ቢሮ አድራሻ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፍኩ። ሁለቱም 192.168.1! ሁለቱንም የዘረጋሁት እኔው ነኝ፣ ራውተሮቹ ከፋብሪካ ይዘውት የመጡትን ሳልነካ። (ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም።) የአዲስ አበባው ኮምፒውተር የደሴውን አድራሻ ሲያይ «ይሄማ እዚሁ ነው» ብሎ እዚያው ቢሮ ውስጥ ይፈልገዋል እንጂ ለራውተሩ አይሰጠውም። ምስኪኑ መስመር ምንም አልደረሰውም። በራውተሮቹ መሃል ያለው ግን የራሱ ሌላ አድራሻ ስላለው ይመልስ ነበር።

ደሴ ሄጄ የቅርንጫፉን ወደ 192.168.2 ቀየርኩ። ሁለቱም ራውተር ላይ ወደ ሌላኛው ቢሮ የሚወስደውን መንገድ ጻፍኩ፤ የመመለሻውን ረስቼ ሌላ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ከሰዓት በኋላ ሪፖርቱን ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ላከች።

«ለመሆኑ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ።

«መስመሩ ነው» አልኳት።

እህቴ፣ ይሄን ካነበብሽ፣ እኔ ነበርኩ።